ዶክተር አክሊሉ ለማ፡ የእንዶዱ ተመራማሪና የጽሑፎቻቸው ረጅም ጉዞ

የአንድ አገር የሳይንስ ደረጃ ከሚለካባቸው መንገዶች አንዱ ተመራማሪዎቿ ለኅትመት ያበቋቸው ጽሑፎች ብዛትና ጽሑፎቹ በሌሎች ተመራማሪዎች ዘንድ በዋቢነት የተጠቀሱበት መጠን ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በአርባ ምንጭ፣ በጎንደርም ሆነ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ምሁር ወደ ከፍተኛ የአካዳሚክ ማዕረግ ሲሸጋገር ከሚመዘንባቸው ነጥቦች መካከል በታወቁ መጽሔቶች ያሳተማቸው ሥራዎች ይገኙበታል።

ይህ መለኪያ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚሰውር ከሚያስረዱ የሕይወት ታሪኮች መካከል የኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ በቀዳሚነት የሚጠቀስ ነው። ዶክተር አክሊሉ እናቶች ልብስ ሲያጥቡበት የኖሩት እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል በሳይንሳዊ ዘዴ ያረጋገጡ ምሁር ናቸው። ግኝቱ በአራት ገጽ ጽሑፍ ተጀምሮ በሕክምና፣ በኬሚስትሪ፣ በዕፅዋት ሳይንስና በአካባቢ ጥበቃ መስኮች የተሠራጨ ሲሆን ተቀባይነት ለማግኘት ግን ከሩብ ምዕተ ዓመት ያላነሰ ትግል ጠይቋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በተለየ ሁኔታ ካልተገለጸ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ትምህርትና የመጀመሪያው ምርምር

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1935 ተወለዱ። ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ የተከታተሉ ሲሆን የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በ1964 ተቀብለዋል። በዚያው ዓመት ከዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ከኤቨረት ሺለር ጋር ሆነው ያዘጋጁት ጽሑፍ በጥገኛ ተውሳኮች ሳይንስ ላይ በሚያተኩር ዓለም አቀፍ መጽሔት ታተመ።

የጽሑፉ ርዕሰ ጉዳይ በአሸዋ ዝንብ አማካኝነት ወደ ሰው የሚተላለፈው ሌሽማንያ የተሰኘ ተውሳክ ነበር። ይህ ተውሳክ የውስጥ አካልን ሲያጠቃ ካላዛር፣ ቆዳን ሲያጠቃ ደግሞ ቁንጭር በመባል ይታወቃል። በሰው ሰውነት ውስጥ በሕዋሳት ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚኖር በዚያ ቅርጹ በቤተ ሙከራ ማሳደግ ለሳይንቲስቶች እጅግ አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል። አክሊሉና ሺለር ተውሳኩን ከሕዋስ ውጪ ለማሳደግ ያደረጉትን ሙከራ የገለጹበት ይህ ሥራ በመስኩ ቀደምት ከሚባሉት የሚመደብ በመሆኑ ከዚያ ወዲህ በጉዳዩ ላይ የጻፉ ተመራማሪዎች ደጋግመው በዋቢነት ጠቅሰውታል።

ስማቸውን በዓለም ያስጠራው ግን በዶክትሬት ዘመናቸው የሠሩበት ተውሳክ አልነበረም። ትምህርታቸውን አጠናቀው ወደ አገራቸው እንደተመለሱ በቢልሃርዝያ ላይ ጥናት ለማድረግ ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ አቀኑ።

በአድዋ የታየው እውነት

ቢልሃርዝያ ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ በ1851 በካይሮ ተውሳኩን ካገኘ በኋላ በስሙ የተጠራ በሽታ ነው። በኢትዮጵያ በስፋት የሚታየው አንጀትንና ጉበትን የሚያጠቃው ዓይነት ነው። በሽታው ያለበት ሰው ዓይነ ምድር ወንዝ ወይም ኩሬ ሲገባ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ተውሳክ በውሃው ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከዚያም ወደ ውሃው ወጥቶ የሚዋኘውን፣ የሚያጥበውን ወይም ውሃ የሚቀዳውን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከሌለ የበሽታው መተላለፊያ ሰንሰለት ይበጠሳል ማለት ነው።

በ1964 በአድዋ ወንዞች ዳርቻ ሲዘዋወሩ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ላይ በርካታ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈው ተመለከቱ። ከእጥበቱ ሥፍራ ከፍ ብሎ ባለው ውሃ ግን ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት ነበሩ። ወጣቱ ተመራማሪ ከላይኛው ውሃ ሕያው ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ ሰብስበው ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶድ አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

እንዶድ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የሚበቅል፣ ፍሬው ደርቆና ተወቅጦ በውሃ ሲዘፈዘፍ እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣ ተክል ነው። የዶርዜና የሌሎችም የጋሞ ሸማኔዎች የሚታወቁበት ዓይነት ነጭ የጥጥ ልብስ በአገሪቱ ለብዙ ዘመን ሲታጠብ የኖረው በዚሁ ፍሬ ነው። ለማጠቢያነት የጠቀመው አረፋ የሚሰጠው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ሲሆን ቀንድ አውጣውንም የሚገድለው እርሱው ነው። ዶክተር አክሊሉ ያደረጉት ሕዝቡ በየዕለቱ የሚያየውን ነገር ወደ ቤተ ሙከራ ወስደው መጠኑን መለካት፣ ውጤቱን መመዝገብና ለባለሙያ ግምገማ ማቅረብ ነበር።

የመጀመሪያው ዘገባ የታተመው በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ነው። መጽሔቱ ከተመሠረተ ገና ሦስት ዓመቱ የነበረ ሲሆን ጽሑፉም አራት ገጽ ብቻ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ግኝታቸውን በቅድሚያ ለአገር ውስጥ ባለሙያዎች ማቅረባቸው ለአገሪቱ ሳይንስ ክብር የሰጠ ቢሆንም መጽሔቱ በውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት እምብዛም የማይገኝ በመሆኑ ጽሑፉ የሚነበብበትን ክበብ አጥብቦት እንደነበር አይካድም። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1970 በቤተ ሙከራና በመስክ ያካሄዷቸውን ፈተናዎች የያዘ ሰፊ ጽሑፍ በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ አሳተሙ። የእንዶድ ምርምር በዓለም ዙሪያ ባሉ ባለሙያዎች እጅ የገባው በተለይ በዚህ ሁለተኛ ጽሑፍ ነው።

ከቤተ ሙከራ ወደ ተቋም

ዶክተር አክሊሉ ከግል ምርምራቸው ባሻገር ምርምር የሚቀጥልበትን ተቋም የመሠረቱ ሰው ናቸው። በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ሲቋቋም መሥራችና የመጀመሪያ ዳይሬክተር በመሆን መርተውታል። ተቋሙ በተላላፊ በሽታዎች፣ በሽታ አስተላላፊ በሆኑ ነፍሳትና ቀንድ አውጣዎች እንዲሁም በመድኃኒት ዕፅዋት ላይ ወጣት ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የሚሠለጥኑበት ማዕከል ለመሆን በቅቷል።

በዚሁ ጊዜ የመጀመሪያ ሙያቸው የነበረውን የሌሽማንያ ጥናት አልተውትም። በ1969 ኢትዮጵያዊውን የነፍሳት ተመራማሪ ተፈሪ ገመቹንና የውጭ አገር ባለሙያዎችን ጨምሮ በስድስት ደራሲዎች ስም በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ስለሚታየው የቁንጭር በሽታ የመጀመሪያ ደረጃ የመስክ ጥናት አሳተሙ። ጽሑፉ በሽታውን በአገሪቱ ደጋ ደረጃ በደረጃ ለማጥናት የታለመ ተከታታይ ምርምር መክፈቻ ነበር።

ይህ የጥናት መስመር ዛሬ በጋሞ ዞን ወደምትገኘው ኦቾሎ ያደርሳል። ኦቾሎ ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተሰሜን፣ የአባያን ሐይቅ ቁልቁል በሚያሳይ ተራራማ ሥፍራ የምትገኝ ስትሆን የአካባቢው ሰው ቦልቦ የሚለው ይህ የቆዳ በሽታ ለረጅም ዘመን የሕፃናትን ፊት ሲያቆስልና ጠባሳ ሲተው ኖሯል። በ1973 አሽፎርድ፣ ብሬይና ባልደረቦቻቸው ኦቾሎንና በወሎ የምትገኘውን ኩታበርን ጨምረው ባካሄዱት ሰፊ ጥናት የተውሳኩ የዱር ተሸካሚ ሽኮኮ መሆኑ ታወቀ። በዚያው ዓመት ተውሳኩ በሳይንሳዊ አጠራር የኢትዮጵያን ስም የያዘ ስያሜ ተሰጠው። በ1992 ደግሞ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ቡድን ወደ ኦቾሎ ተመልሶ ያካሄደውን ጥናት ይፋ አደረገ። በ2019 የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቤልጂየም ባልደረቦቻቸው ጋር በኦቾሎ የአሸዋ ዝንቦችንና የሽኮኮዎችን ሁኔታ የመረመሩበት ጽሑፍ በዓለም አቀፍ መጽሔት ላይ ወጥቷል።

የምርምር ጽሑፍ አንዱ በሌላው ላይ እየተደገፈ የሚያድግ መሆኑን ይህ የግማሽ ምዕተ ዓመት ሰንሰለት በግልጽ ያሳያል። በዋቢነት መጥቀስ ማለትም በመሠረቱ ይኸው ነው፤ የኋለኛው ተመራማሪ ከፊተኛው የተቀበለውን በይፋ መመስከሩ ነው።

አምስት ዓመት የፈጀው የአድዋ ፈተና

የእንዶድ ምርምር ትልቁ የመስክ ፈተና የተካሄደው ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ ነበር። በከተማዋና በአካባቢዋ የሚፈሱ ወንዞች በየጊዜው በተፈጨ እንዶድ እንዲታከሙ ተደረገ። የጥናቱ ውጤት እንደሚያመለክተው በጠቅላላው ሕዝብ ዘንድ የነበረው የቢልሃርዝያ ሥርጭት ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ ወርዷል። ይበልጥ ትኩረት የሳበው ዕድሜያቸው ከአንድ እስከ አምስት ዓመት በሆኑ ሕፃናት ላይ የታየው ለውጥ ሲሆን በእነርሱ ዘንድ ሥርጭቱ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ ብሏል። አዋቂዎች ከጥናቱ በፊት የያዛቸው ተውሳክ በሰውነታቸው ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል አዲስ መተላለፍ መቀነሱን የሚመሰክሩት በተለይ ሕፃናቱ ናቸው።

ይህ ውጤት በዝርዝር ተጽፎ በጀርመን በሚዘጋጅ የቆላ በሽታዎች መጽሔት ላይ የወጣው በ1983፣ ማለትም የመስክ ሥራው ከተጠናቀቀ ከዘጠኝ ዓመታት በኋላ ነው። በእነዚህ ዓመታት ኢትዮጵያ በአብዮት ውስጥ ያለፈች ሲሆን ዶክተር አክሊሉም ወደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አገልግሎት ተሸጋግረው ነበር። በመዘግየቱ ምክንያት የእንዶድን ጥቅም በአኃዝ የሚያስረዳው ዋናው ማስረጃ ውሳኔ ሰጪዎች ዘንድ የደረሰው የዓለም ፖሊሲ መልኩን በሚቀይርበት ጊዜ ነው።

የተቀባይነት ትግል

በዚያን ጊዜ ቀንድ አውጣዎችን ለመግደል በዓለም ጤና ድርጅት ዘንድ ተቀባይነት የነበረው ኒክሎሳሚድ የተሰኘውና ባየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ ባይሉሳይድ በሚል የንግድ ስም የሚያመርተው ኬሚካል ነበር። ኬሚካሉ ውጤታማ ቢሆንም በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ በመሆኑ ለድሃ አገሮች አቅም የሚከብድ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ያቀረቡት አማራጭ ገበሬው በጓሮው አብቅሎ፣ ማኅበረሰቡ ራሱ ፈጭቶ በወንዙ ላይ የሚጨምረው ተክል ነው።

የዓለም አቀፍ ተቋማት ባለሙያዎች እንዶድ በሰውና በአካባቢ ላይ ጉዳት አለማድረሱ ደረጃቸውን በጠበቁ ቤተ ሙከራዎች ካልተረጋገጠ ለአገልግሎት ሊመከር አይችልም የሚል አቋም ያዙ። ጥያቄው በራሱ አግባብ ነበር። እንዶድ በውሃ ውስጥ ዓሣንም የሚገድል ሲሆን የቀንድ አውጣን እንቁላል የማጥፋት ኃይሉ ደካማ በመሆኑ ሕክምናው በየጊዜው መደጋገም አለበት። ችግሩ ለዚህ ማረጋገጫ የሚያስፈልገውን ከፍተኛ ወጪ የሚሸፍን ወገን አለመገኘቱ ነበር። ከጓሮ የሚለቀም ፍሬ ለኩባንያዎች ትርፍ የሚያስገኝ ባለመሆኑ ምርመራው በገንዘብ እጦት ለዓመታት ተጓተተ። ዶክተር አክሊሉ በአፍሪካ ቤተ ሙከራዎች የሚገኝ ውጤት በሌላ ቦታ እስካልተደገመ ድረስ አመኔታ የማያገኝበትን አሠራር በየመድረኩ ሲቃወሙ ኖረዋል።

በዚህ ጉዞ ከጎናቸው ከቆሙት መካከል የግብርና ባለሙያው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ቀዳሚው ናቸው። ዶክተር ለገሠ ከአገሪቱ ልዩ ልዩ አካባቢዎች የእንዶድ ዝርያዎችን ሰብስበው በማነጻጸር ቀንድ አውጣን በመግደል ኃይላቸው የላቁትን የመረጡ ሲሆን ዓይነት 44 የተባለው ዝርያ ለኋለኞቹ ምርመራዎች መሠረት ሆኗል። በ1983 በሉሳካ፣ በ1986 ደግሞ በምባባኔ በእንዶድ ላይ ያተኮሩ ዓለም አቀፍ ዓውደ ጥናቶች ተካሂደዋል። ዶክተር አክሊሉ ከአሜሪካዊው ፕሮፌሰር ዶናልድ ሄይነማንና ከስዋዚላንዷ ኬሚስት ከሊዲያ ማኩቡ ጋር በመሆን የጉባኤዎቹን ጽሑፎች በመጽሐፍ መልክ አሰናድተዋል።

በመጨረሻም በካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ዓለም አቀፍ መመዘኛዎችን የተከተለ የደኅንነት ምርመራ ተካሄደ። ዶክተር ለገሠን ጨምሮ ከተለያዩ አገሮች የመጡ ባለሙያዎች በጋራ ያዘጋጁት ጽሑፍ በ1991 ታትሟል። በአድዋ ወንዝ የተደረገው ምልከታ ለዚህ ደረጃ የበቃው ከ27 ዓመታት በኋላ ነው ማለት ነው።

በዚያ መካከል ግን ፕራዚኳንቴል የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት ተገኝቶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ በ1984 የትኩረት አቅጣጫውን ቀንድ አውጣን ከመግደል ሕሙማንን ወደ ማከም አዞረ። የመድኃኒቱ ዋጋ እየቀነሰ ሲሄድ በቀንድ አውጣ ላይ የሚደረገው ምርምር በአጠቃላይ ተቀዛቀዘ፤ እንዶድም የዚሁ ዕጣ ተካፋይ ሆነ።

ከአንዱ መስክ ወደ ሌላው

የዶክተር አክሊሉን የኅትመት መዝገብ ከብዙዎች የሚለየው የዘሩት ሐሳብ የበቀለበት የሳይንስ መስክ ብዛት ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የስታንፎርድ የምርምር ተቋም የሚሠሩት ኬሚስት ሮበርት ፓርክኸርስትና ባልደረቦቻቸው ቀንድ አውጣውን የሚገድሉትን ሳፖኒኖች ከእንዶድ ፍሬ ነጥለው አወጡ። ካገኟቸው ውህዶች አንዱን ለኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ክብር ሲሉ ለማቶክሲን ብለው ሰየሙት። በ1974 የእንዶድ ውህዶች ለወሊድ መቆጣጠሪያነት ያላቸውን ጠቀሜታ የሚፈትሽ ጽሑፍ ወጣ። በ1984 ደግሞ የባዮኬሚስትሪ ባለሙያዎች የሕዋስን የፕሮቲን ምርት የሚገታ ዶዴካንድሪን የተባለ ፕሮቲን ከዚሁ ተክል ማግኘታቸውን አሳወቁ።

ዶክተር አክሊሉ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ባገለገሉባቸው ዓመታት ሳይንስና ቴክኖሎጂ ለልማት የሚውሉበትን መንገድ በሚመለከቱ ሥራዎች ላይ ተሰማርተዋል። በኢጣሊያ ፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ ዓለም አቀፍ የሕፃናት ልማት ማዕከልም በምክትል ዳይሬክተርነት ሠርተዋል። በ1989 ከፊንላንዳዊው ምሁር ከፔንቲ ማላስካ ጋር በመሆን አፍሪካ ከረሃብ ባሻገር ስለሚጠብቃት መጻኢ ዕድል ለሮም ክበብ የቀረበውን ሪፖርት በመጽሐፍ አዘጋጅተዋል። በዚህም የጥገኛ ተውሳክ ተመራማሪው ወደ ምጣኔ ሀብትና ወደ ፖሊሲ ጥናት ተሻግረዋል።

ቁጥሩ የሚናገረውና የማይናገረው

የአድዋው ምልከታ የተደረገበት 1964 በሳይንስ ምዘና ታሪክም ልዩ ቦታ ያለው ዓመት ነው። አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ የመሠረቱት ተቋም የትኛው ጽሑፍ በየትኛው ጽሑፍ እንደተጠቀሰ የሚመዘግበውን የሳይንስ ማጣቀሻ ማውጫ በመደበኛነት ለአገልግሎት ያቀረበው በዚያው ዓመት ነበር። በ2005 የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ኤች ኢንዴክስ የተሰኘውን መለኪያ አስተዋወቁ። በዚህ ስሌት አንድ ተመራማሪ መለኪያው አሥር እንዲሆንለት ቢያንስ አሥር ጽሑፎቹ እያንዳንዳቸው አሥር ጊዜና ከዚያ በላይ መጠቀስ ይኖርባቸዋል። በ2019 ደግሞ ፕሮፌሰር ጆን አዮኒዲስና ባልደረቦቻቸው የዓለም ሳይንቲስቶችን በ22 የሳይንስ መስኮች ከፋፍሎ የሚያነጻጽር የመረጃ ቋት ይፋ አድርገዋል።

በመስክ መከፋፈሉ ያለ ምክንያት የተደረገ አይደለም። በሕክምና ሳይንስ አንድ ጽሑፍ በርካታ ዋቢዎችን ስለሚደረድርና ደራሲዎቹም ብዙ ስለሆኑ ቁጥሩ በፍጥነት ያድጋል። በሒሳብ ወይም በዕፅዋት አመዳደብ ሳይንስ ግን አንድ ጽሑፍ ጥቂት ጊዜ ብቻ ተጠቅሶ ለብዙ ዓመታት የሚያገለግል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሁለት መስክ ተመራማሪዎችን በአንድ ቁጥር ማወዳደር ጤፍንና እንሰትን በአንድ ቁና እንደመስፈር ይቆጠራል።

የዶክተር አክሊሉ ሥራ በእነዚህ መለኪያዎች ሲታይ ሦስት ነገሮች ከዓይን ይሰወራሉ። አንደኛው በአገር ውስጥ መጽሔት የወጣ ጽሑፍ በዓለም አቀፍ ማውጫዎች ሳይመዘገብ የመቅረት ዕድሉ ሰፊ መሆኑ ነው። ሁለተኛው የዓውደ ጥናት ሰነዶችና ለመንግሥታት የሚቀርቡ ሪፖርቶች በአብዛኛው የማይቆጠሩ መሆናቸው ነው። ሦስተኛው አንድ ግኝት በጣም ሲታወቅ የመጀመሪያው ጽሑፍ መጠቀሱ መቅረቱ ነው። ስለ ለማቶክሲን የሚጽፍ ኬሚስት የሰውየውን ስም በውህዱ ስያሜ ውስጥ እየጻፈ የ1965ቱን አራት ገጽ ግን በዋቢነት ላይጠቅስ ይችላል።

በአንጻሩ መለኪያው ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ግኝታቸውን በጽሑፍ ባያሰፍሩ ኖሮ እንዶድ የወንዝ ዳር ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር። ተከራካሪዎቻቸውን የረቱትም ሆነ ተከታዮቻቸውን ያፈሩት ሌላው ሰው ደግሞ ሊፈትሸው በሚችል ጽሑፍ ነው። በ2012 በሳን ፍራንሲስኮ የተነደፈው የምርምር ምዘና መግለጫም ተመራማሪ ባሳተመበት መጽሔት ዝና ሳይሆን በሥራው ይዘት እንዲመዘን ያሳስባል።

ክብርና ያልተዘጋው ጥያቄ

በ1989 ዶክተር አክሊሉ ለማና ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ በስዊድን የሚሰጠውንና በብዙዎች ዘንድ አማራጭ የኖቤል ሽልማት እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። የኢትዮጵያን የዕፅዋት ዘረመል ሀብት በማዳን የሚታወቁት ዶክተር መላኩ ወረደም በዚያው ዓመት ለዚሁ ሽልማት በመብቃታቸው ዓመቱ ለኢትዮጵያ ሳይንስ ልዩ ሆኖ አልፏል።

በ1990 የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሲሰጣቸው ሌላ ምዕራፍ ተከፈተ። በዚያን ወቅት የሰሜን አሜሪካን ታላላቅ ሐይቆች ከባሕር ማዶ በመርከብ የገባ ባለ ዛጎል የውሃ እንስሳ ወርሮ የከተሞችን የውሃ ቧንቧ ይደፍን ነበር። እንዶድ ይህንንም እንስሳ እንደሚገድል በተደረገው ሙከራ ተረጋገጠ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው በአጠቃቀሙ ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ሲያገኝ ዶክተር አክሊሉም ከፈጠራው ባለቤቶች አንዱ ሆነው ተመዝግበዋል። ሆኖም መብቱ የተሰጠው ለዩኒቨርሲቲው በመሆኑ ተክሉን ለዘመናት ጠብቆና ተጠቅሞ ያቆየው የኢትዮጵያ ሕዝብ ድርሻ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ዓለም አቀፍ ክርክር አስነሳ። ኢትዮጵያ በ1992 የጸደቀውን የብዝኃ ሕይወት ስምምነት ተቀብላ በኋላም በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1998 የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን ስለማግኘትና ስለ ማኅበረሰብ መብቶች የሚደነግገውን አዋጅ ቁጥር 482 አውጥታለች። የእንዶድ ጉዳይ የዚህ ዓይነቱ ሕግ አስፈላጊነት ሲነሳ ደጋግሞ የሚጠቀስ አብነት ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማ ሚያዝያ 5 ቀን 1997 በተወለዱ በ61 ዓመታቸው አረፉ። የመሠረቱት ተቋም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ በስማቸው ተሰይሟል።

የቀረው ሥራ

ዶክተር አክሊሉ የተነሱለት ችግር ዛሬም ከዓለም አልጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 በመላው ዓለም ከ251 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የቢልሃርዝያ መከላከያ ሕክምና እንደሚያስፈልጋቸው ገምቷል። መድኃኒት መስጠት ብቻውን መተላለፉን እንደማያቆም በመታመኑ የዓለም ጤና ጉባኤ በ2012 ባሳለፈው ውሳኔ ቀንድ አውጣን የመቆጣጠር ሥራ ዳግም እንዲታሰብበት ያደረገ ሲሆን ድርጅቱም በ2017 በቀንድ አውጣ ማጥፊያዎች የመስክ አጠቃቀም ላይ መመሪያ አውጥቷል። ዶክተር አክሊሉ ቀንድ አውጣውን የበሽታው መግቻ በር አድርገው ያዩበት ሐሳብ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ወደ ጠረጴዛው ተመልሷል ማለት ይቻላል።

ይህ ለአርባ ምንጭም የቀረበ ጉዳይ ነው። ስሟን ከአርባ ምንጮቿ ያገኘችው፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች የተከበበችው ከተማ የዩኒቨርሲቲዋ መነሻ በ1986 የተቋቋመው የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። መስኖ ሲስፋፋ ከውሃ ጋር የተያያዙ በሽታዎች መንገድ እንዳያገኙ የውሃ መሐንዲሱ፣ የጤና ባለሙያው፣ የነፍሳት ተመራማሪውና የግብርና ባለሙያው በአንድነት እንዲሠሩ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ቅንጅታዊ ሥራ ውጤቱ በየመስኩ ተበታትኖ ስለሚወጣ በአንድ ቁጥር አይጠቃለልም። በጀት የሚመድበው፣ ማዕረግ የሚያጸድቀውና ዕቅድ የሚገመግመው የሥራ ኃላፊ የጽሑፎችን ብዛት ሲጠይቅ በጽሑፎቹ ምክንያት በየትኛው ወንዝ፣ በየትኛው ቀበሌ ምን እንደተለወጠም አብሮ መጠየቅ ይጠበቅበታል።

የአድዋው ጥናት ዋና ማስረጃ ከመስክ ወደ ኅትመት ለመሸጋገር ዘጠኝ ዓመት፣ የደኅንነት ምርመራው ለመጠናቀቅ ደግሞ 27 ዓመት ፈጅቷል። በእነዚያ ዓመታት ወንዝ ወርደው ውሃ የቀዱ ሕፃናት ጽሑፉ እስኪታተም አልጠበቁም። የምርምር ውጤት በወቅቱ እንዲጻፍ፣ በአገር ውስጥ መጽሔቶች ታትሞም በዓለም አቀፍ ማውጫዎች እንዲመዘገብ፣ የማረጋገጫ ምርመራ የሚካሄድባቸው ቤተ ሙከራዎችም በአገር ውስጥ እንዲደራጁ ማድረግ ዶክተር አክሊሉ በሕይወት ዘመናቸው የታገሉለትና ለተተኪው ትውልድ ያስተላለፉት የቤት ሥራ ነው።